አሰፋ ማሩ፣ የመምህራን ማኅበር ሰው

ለዚህ የመገናኛ በዓላችን መጽሔት ከመምህርነት ሙያ ጋር ስሙ የሚነሳ፣ ዛሬ በሕይወት የሌለ ሰው ታሪክ ጻፍ ስባል ብዙ አላሰብኩም፤ አቶ አሰፋ ማሩን መረጥኩ። ሚኒስትር አልነበሩም፣ ጄኔራልም አልነበሩም። መምህር ነበሩ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤም የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባል ነበሩ። ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ጧት፣ ወደ ሥራ ሲሄዱ፣ አዲስ አበባ መንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በእኛ ዕድሜ ያለ መምህር ስማቸውን ያውቃል። አሁን ፔዳ ግቢ የሚገቡት ልጆች ግን፣ እንኳን የሳቸውን ስም፣ መምህራን አንድ ጊዜ ከመንግሥት ጋር ፊት ለፊት የሚከራከር ማኅበር ነበራቸው ሲባሉ እንደ ተረት ነው የሚሰሙት።

እኔ ከፔዳ ተመርቄ ሉማሜ የተመደብኩት በ1985 ነው። ያኔ የዲግሪ ደመወዝ 500 ብር ነበር፤ የዘመኑ ሰዎች ታስታውሳላችሁ፣ ግብሩና ጡረታው ሲነሳ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሉማሜ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀንን አልፎ፣ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ የሚያገኛት የአዋበል ከተማ ናት፤ ጤፏ የታወቀ ነው፣ ብርዷም እንዲሁ። አቶ አሰፋን በአካል አላገኘኋቸውም። እኔ የማውቃቸው ሩቅ ያለ አባል የማኅበሩን መሪ በሚያውቅበት መንገድ ነው፤ በሚደርሰን ወሬ፣ እጅ ለእጅ በሚዞር ወረቀት፣ በኋላም በሞታቸው።

የሳቸውን ሕይወት ከማኅበሩ ታሪክ ነጥሎ መናገር አይቻልም፤ ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የመምህራን ማኅበር የተመሠረተው በ1941 ነው። መምህር የመንግሥት ደመወዝተኛ ስለሆነ ከፋብሪካ ሠራተኛ ጋር አንድ ሕግ አይገዛውም ነበር። ጃንሆይ መንግሥት በግንቦት 1955 የዓለም ሥራ ድርጅትን ሁለት ትልልቅ ስምምነቶች ተቀበለ፤ ቁጥር 87ን፣ ማለትም የመደራጀት ነጻነትን፣ እና ቁጥር 98ን፣ ማለትም የመደራጀትና በኅብረት የመደራደር መብትን። ትንሽ ወራት ቆይቶ የሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ወጣ። በዚያ አዋጅ የፋብሪካው፣ የባቡሩና የእርሻ ድርጅቱ ሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም፣ አለቃውን ለድርድር መጥራት ቻለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ግን ከአዋጁ ውጭ ቀረ። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት መንግሥት አይተናል፣ እሷ ግን ወንበሯን አልለቀቀችም።

ሕግ አልፈቀደም ማለት ግን መምህሩ ዝም ብሎ ተቀመጠ ማለት አይደለም። በ1966 የትምህርት ሴክተር ሪቪው የሚባለው ጥናት ወጣ። ጥናቱ ለብዙኃኑ ልጅ አጭር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ሰጥቶ ወደ ሥራ የሚሸኝ፣ ከዚያ በላይ ያለውን በር ደግሞ የሚያጠብ ነበር። መምህራኑ ይህ የድሃን ልጅ ከደጅ የሚመልስ ነው ብለው ተቃወሙ፤ የደመወዝ ጥያቄያቸውንም አብረው አነሱ። የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ታክሲዎች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት ቆሙ። በየካቲት 28 ደግሞ የሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አደማ ጠራ። መንግሥት ሴክተር ሪቪውን አነሳው። እኔ በዚያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ነገር ግን ሉማሜ ስደርስ በዚያ አድማ የነበሩ አንድ ጋሼ መምህራን ክፍል ውስጥ ነበሩ፣ ሻይ እየጠጡ ሲተርኩልን እንደ ዓድዋ ዘማች ነበር የምናያቸው።

ጎጃም ላይ ደግሞ አብሮ እምቢ ማለት ከመምህር የተማረው ነገር አይደለም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ሞጣና ቢቸና፣ ዳሞትም፣ ገበሬው አልከፍልም ብሎ ተነስቶ ነበር፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነስተዋል፣ ውዝፉም ተምሯል። የአዋበል ሽማግሌዎች ይህንን ሲያወሩ ሰምቼ፣ አባቶቻቸው ያለ ማኅበርና ያለ ማኅተም ያደረጉት ነገር፣ የተማረው መምህር በማኅበርና በማኅተም ሲያደርገው ለምን ወንጀል ይሆናል እያልኩ አስብ ነበር።

ደርግ ሥልጣን በያዘበት ቀን፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ አድማን ከለከለ። ከዚያ በኋላ ስላለው ብዙ አልልም። በቀይ ሽብር ያለቀውን መምህር ቁጥር እዚህ ከምናነብብ ሰዎች ብዙዎቻችን በየቤታችን እናውቀዋለን። ማኅበሩ ስሙ አልጠፋም፤ ነገር ግን የሥርዓቱ ጭፍራ ሆኖ ነው የኖረው።

አቶ አሰፋ ወደ አመራሩ የመጡበት ዘመን ከ1983 በኋላ ያለው ነው። ማኅበሩ እንደገና የራሱን አንደበት ያገኘበት ጊዜ ነበር። ሊቀ መንበሩ ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ነበሩ፤ በ1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተሰናበቱት ከ40 የሚበልጡ መምህራን አንዱ። የአዲሱ መንግሥት የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በ1986 ሲወጣ ማኅበሩ ያለ መምህሩ ምክር የወጣ ነው ብሎ ተቃወመው። ግምገማ የሚባለውን፣ መምህር ከሥራ የሚባረርበትን፣ ከቦታ ቦታ የሚወረወርበትን አሠራር ተቃወመ። እነዚህ ጥያቄዎች ከመንግሥት ጋር የሚያጣሉ ነበሩ፤ አጣሉም።

ያን ጊዜ በአንድ ስም ሁለት ማኅበር ሆነ። ከነባሩ ጎን ሌላ፣ ስሙ ያው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የሆነ፣ መንግሥት ያወቀው ድርጅት ተቋቋመ። የነባሩ የባንክ ሒሳብ ታገደ፤ ከየመምህሩ ደመወዝ የምትቆረጠው መዋጮም ወደ አዲሱ እንድትገባ ተደረገ። ይህ የፖለቲካ ወሬ አይደለም፤ የዓለም ሥራ ድርጅት ፋይል ውስጥ ለዓመታት የተጻፈ ነገር ነው። እዚህ ላይ ከማኅበር ጉዳይ ሩቅ ለሆናችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ላብራራ። የሠራተኛ ማኅበር ጉልበቱ በስብሰባ የሚጮኸው ሰው አይደለም። ጉልበቱ በየወሩ ከፔሮል ላይ የምትነሳው ሳንቲም ናት። በሷ ቢሮ ይከራያል፣ ጠበቃ ይቆማል፣ የተባረረ መምህር ቤተሰብ ይደገፋል። ሳንቲሟን የወሰደ ማኅበሩን ወሰደ። እኛ ሉማሜ ሆነን መዋጯችን የት ነው የምትገባው እያልን እርስ በርስ እንጠያየቅ ነበር፤ የሚመልስልን ግን አልነበረም።

እንግዲህ አቶ አሰፋ የሠሩበትን ሁኔታ አስቡት። ገንዘቡ የታገደ፣ ስሙ የተነጠቀ፣ ሆኖም በየክፍለ ሀገሩ የኔ ማኅበር እሱ ነው የሚል አባል ያለው ማኅበር። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሥራ አስፈጻሚ መሆን ሹመት አይደለም። በዚያ ላይ የሰብዓዊ መብቶች ጉባኤውን ሥራ ጨመሩበት። ጉባኤው በ1984 የተቋቋመ ነው፤ ያለ ፍርድ የተገደለውን፣ የታሰረውን፣ የጠፋውን ሰው በስም እየጻፈ መግለጫ ያወጣ ነበር። ሰዎች እነዚህን ሁለት ሥራዎች የተለያዩ አድርገው ያወሩታል፣ አንዱ የደመወዝና የዕድገት ጉዳይ፣ ሌላው የመብት ጉዳይ ነው ብለው። እኔ እንደዚያ አልቆጥረውም። መምህሩ ያለ ጥያቄ ሲባረር የሚጽፍለት ሰውና መምህሩ ሲታሰር የሚጽፍለት ሰው አንድ ቢሆን ምን ይገርማል? በዚያ ዘመን የተባረረውና የታሰረው ብዙ ጊዜ ያው ሰው ነበር።

ግንቦት 22 ቀን 1988 ዶክተር ታዬ ከአውሮፓ ሲመለሱ ቦሌ ላይ ተያዙ። በትጥቅ ለማመፅ አሲረዋል ተብለው ተከሰሱ፤ በ1991 የ15 ዓመት እስር ተፈረደባቸው፣ በ1994 ይግባኝ ሰሚው ቅጣቱን ወደ 5 ዓመት አውርዶት ተፈቱ። ሊቀ መንበሩ በታሰሩበት በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ማኅበሩን ከያዙት ጥቂት ሰዎች አንዱ አቶ አሰፋ ናቸው። የታሰረ መሪ ያለው ማኅበር ሁለት ዕጣ አለው፤ ወይ ይበተናል፣ ወይ የቀሩት ነገ በኔ ተራ ነው እያሉ ጧት ቢሮ ይገባሉ። እሳቸው ጧት ቢሮ የሚገቡ ሰው ነበሩ። ሲሞቱም የሞቱት በዚያው መንገድ ላይ ነው።

ሚያዝያ 30 ሐሙስ ነበር። ከቤታቸው ወጥተው በእግራቸው ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ የፖሊስ ኃይል ከበባቸው፣ ተኩሶም ገደላቸው። መንግሥት የሰጠው መግለጫ የታጠቀ የሽብር ቡድን መሪ እንደነበሩና ሊያዙ ሲሉ ለማምለጥ እንደሞከሩ የሚናገር ነበር። ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤው፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናልም በበኩላቸው ባዶ እጃቸውን እንደነበሩ፣ እጅ እንዲሰጡ ሳይጠየቁ እንደተተኮሰባቸው የዓይን ምስክሮችን ጠቅሰው አስታወቁ። በሁለቱ ቃል መካከል የሚፈርደው ነጻ የፍርድ ምርመራ ነበር። የዓለም ሥራ ድርጅት የመደራጀት ነጻነት ኮሚቴ ያ ምርመራ እንዲደረግ ከአንድ ጊዜ በላይ ጠየቀ። አልተደረገም። እሳቸው ጥፋት ነበረባቸው ቢባል እንኳ ፍርድ ቤት ቀርበው ሊሰሙት ይገባ ነበር፤ ዶክተር ታዬ ቢያንስ ዳኛ ፊት ቆመዋል።

ወሬው ሉማሜ የደረሰው መጀመሪያ በሬዲዮ ነው፣ ከውጭ አገር በሚተላለፈው የአማርኛ ፕሮግራም። ከጥቂት ቀን በኋላ ጋዜጣ በአውቶቡስ መጣ፤ አንዱ ጋዜጣ እጅ ለእጅ ዞሮ መታጠፊያው እስኪበጠስ ተነበበ። በማግስቱ ትምህርት እንደተለመደው ተሰጠ። ጎጃም ውስጥ ሰው ሲሞት ለቅሶ ይደረሳል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ዕድር ይወጣል፤ እኛ ግን ለማን ብለን ድንኳን እንጥላለን? ያልኳችሁ ጋሼ ከቤታቸው ቡና አስፈልተው ጠሩን። ስድስት ወይም ሰባት መምህራን ነበርን። ስለ ሟቹ ብዙ አልተወራም። ጋሼ ስለ 66ቱ አድማ የተለመደውን ታሪካቸውን ያወጋሉ ብለን ስንጠብቅ እሳቸውም ዝም አሉ። ሦስተኛውን ጠጥተን ወደየቤታችን ሄድን፣ ለቅሶ መድረሳችን ያ ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ፤ ምክንያቱም የአቶ አሰፋ ነገር ያለ ሕጉ አይገባም። ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 አለው። አንቀጹ ከፋብሪካና ከአገልግሎት ሠራተኛ ከገበሬውም ጋር አብሮ፣ የሥራ ጠባዩ የሚፈቅድለትና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያለ የመንግሥት ሠራተኛ በማኅበር የመደራጀት መብት አለው ይላል። ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታውን ማሰማት እንደሚችልም ይናገራል። በጣም ጥሩ ቃል ነው። ቀጥሎ ግን የትኛው የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ መብት እንደሚጠቀም በሕግ ይወሰናል ብሎ ያስከትላል። ያቺን ሕግ ስንጠብቅ መምህርነቱም አለቀ፣ ጡረታውም መጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በ1985፣ በ1996፣ በ2011 ወጣ፣ ሦስቱም ጊዜ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛውን ከውጭ ትቶ። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የሚባለው ደግሞ ስለ ቅጥርና ዲሲፕሊን፣ ስለ ፈቃድና ጡረታ ይናገራል፤ የኅብረት ድርድር የሚባል ነገር አላየሁበትም። ሕገ መንግሥቱ በር ሠርቶ ቁልፉን በሌላ ሕግ ኪስ ውስጥ አስቀመጠው እንበል።

የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ ያቁም ወይስ አያቁም የሚለው ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም፣ በሌላው ወገን ያለውንም ማቃለል አልፈልግም። ጀርመን ውስጥ ቋሚ የመንግሥት ሹም የሆኑ መምህራን አድማ መምታት አይችሉም፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2016 ይህንን ክልከላ አልነቀፈውም። ነገር ግን እዚያ መምህሩ ዕድሜ ልክ የማይነቀል ሥራ አለው፣ ደመወዙ ከኑሮው ጋር እንዲመጣጠን ፍርድ ቤት ሄዶ መጠየቅ ይችላል፣ ማኅበሩም አለው። አንዱን መብት የሰጠ ሌላውን ወስዷል። እኛ ዘንድ የተሰጠው የቱ ነው? በአሜሪካ ሜምፊስ ደግሞ በ1960፣ ማለትም ጎጃም ላይ ገበሬው ግብር አልከፍልም ባለበት ዓመት፣ 1,300 ያህል የማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ አንሺዎች ሥራ አቆሙ። ከንቲባው የመንግሥት ሠራተኛ አድማ ሕገ ወጥ ነው ብለው ማኅበራቸውን አላውቅም አሉ። ማርቲን ሉተር ኪንግ እነሱን ሊደግፉ ሄደው እዚያው ተገደሉ፤ ከሞታቸው በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ከተማው ማኅበሩን አውቆ ተፈራረመ። የእኛው ነገር ከዚህ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ እዚያ ሞቱ ስምምነት አስከተለ፣ እዚህ አላስከተለም።

የዓለም ሥራ ድርጅት መስመሩን ያሰመረው በዚህ መልክ ነው፦ አድማ ሊከለከልበት የሚችለው በመንግሥት ሥልጣን ስም የሚወስን ሹም ነው፣ ወይም ሥራው ቢቋረጥ የሰው ነፍስ፣ ደኅንነት ወይም ጤና አደጋ ላይ የሚወድቅበት አገልግሎት ነው። መምህር ከሁለቱም ውስጥ አይደለም። ሁለት ሳምንት አልጀብራ ያልተማረ ልጅ አይሞትም፤ ይህንን እኔ የሂሳብ መምህር ሆኜ ነው የምለው። ሐኪምና ነርስ ሌላ ነው፣ የሆስፒታል በር አይዘጋም። ግን መስመሩ እዚያ አይቆምም፤ አድማ የተከለከለበት ሠራተኛ ፈጣንና ገለልተኛ ግልግል ሊያገኝ ይገባል ይላል። አፉን የዘጋህበትን ሰው ጆሮህን ልትሰጠው ነው ነገሩ።

ከአቶ አሰፋ ሞት በኋላ ማኅበሩ ወዲያው አልጠፋም። ጉዳዩ ጄኔቭ ላይ በቁጥር 1888 ተይዞ ነበር፣ በኋላም በቁጥር 2516 ቀጠለ። የስሙና የንብረቱ ክርክር ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት እየዞረ ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ። በ2000 መጨረሻ ሰበር ሰሚ ችሎት በነባሩ ማኅበር ላይ ፈረደ፤ ስሙም ንብረቱም ለሌላው ሆነ። የሚገርመው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የአውሮፓው ፍርድ ቤት ስለ ቱርክ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ሲወስን የመንግሥት ሠራተኛም ማኅበር የማቋቋም፣ በኅብረት የመደራደር መብት አለው አለ። የእኛዎቹ መምህራን ስማቸውን ሲያጡ ብሔራዊ የመምህራን ማኅበር በሚል አዲስ ስም ለመመዝገብ አመለከቱ። በ2001 ምዝገባው ተከለከለ። የጄኔቩ ኮሚቴ ተዉ ይመዝገቡ እያለ ዓመት በዓመት ጻፈ።

በዚህ መሀል ልጆቻችን አደጉ። አንዳንዶቹ እናንተ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የምታስተምሯቸው ናቸው፣ አንዳንዶቹም ራሳቸው የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነዋል። ከነሱ ጋር ስናወራ አንድ ልዩነት አያለሁ። እኛ ማኅበር ስንል ሰው ነበር የሚታየን፤ የታሰረ ሊቀ መንበር፣ የተገደለ ሥራ አስፈጻሚ፣ በየወረዳው የተባረረ ጓደኛ። እነሱ ማኅበር ሲሉ ከደመወዝ የምትቆረጥ መስመር ናት የምትታያቸው። አልወቅሳቸውም። ያላዩትን ከየት ያምጡት? በግንቦት 2017 ግን የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ ሲያቆሙና ብዙዎቹ ሲታሰሩ፣ አንድ ወጣት ሐኪም የጎረቤቴ ልጅ አንቀጽ 42ን ከስልኩ አውጥቶ አሳየኝና ይህ እኛን አይመለከትም ወይ አለኝ። እኔም ፊደል በፊደል አብሬው አነበብኩት፣ ያቺን ስለ ሕግ የምትናገረዋን መስመር ጭምር። ከዚያ ስለ አቶ አሰፋ ማሩ ነገርኩት፤ ስማቸውን ሰምቶት አያውቅም ነበር፣ የት ቦታ እንደተገደሉና ዕለቱ ምን እንደነበር ጠይቆኝ ስልኩ ላይ ጻፈው።